በካሊፎርኒያ የጎማ ቤት ለሚያስተዳድሩ፦ ያረጀ ጎማን በሕጉ መሠረት መያዝና ማስወገድ

አንድ ደንበኛ አራት አዲስ ጎማ አስገጥሞ ሲሄድ፣ ጥርሳቸው ያለቀ አራት ጎማዎች ትቶልዎ ይሄዳል። በቀን አሥር እንዲህ ያሉ ደንበኞች የሚያስተናግድ ቤት በስድስት የሥራ ቀን ውስጥ 240 አሮጌ ጎማ ያከማቻል ማለት ነው። አገር ቤት ይህ ለጎሚስታው ብዙም ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ጎሚስታው ጥግ ላይ ያስቀመጠው አሮጌ ጎማ ምናለሽ ተራ ደርሶ በረባሶ ይሆናል፣ ማሰሪያ ይሆናል፣ ይጣል የሚለውም ጥቂት ነው። በካሊፎርኒያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሮጌውን ጎማ የሚወስድልዎ ሰው እርስዎን ያስከፍላል፤ ከግቢዎ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮም ወረቀት ይከተለዋል፤ ያ ወረቀት ከጠፋ ደግሞ ተጠያቂነቱ ወደ እርስዎ ይመለሳል።

ይህ መመሪያ በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ፣ በሳን ዲዬጎና በሌሎች የግዛቲቱ ከተሞች የጎማ ቤት፣ ጋራዥ ወይም የከባድ መኪና ማቆሚያ ግቢ ላላቸውና ለመክፈት ላሰቡ ወገኖች የተጻፈ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሌላ ግዛት የሚሠሩ አንባቢዎች የሥራውን አካሄድ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ ወደ ቨርጂኒያ ወይም ወደ ቴክሳስ ማዛወር አይቻልም፤ ምክንያቱም አሮጌ ጎማን የመቆጣጠር ሥራ በዋናነት ለየግዛቶቹ የተተወ በመሆኑ፣ ክፍያውም፣ የፈቃዱ ዓይነትም፣ ቅጣቱም ከግዛት ግዛት ይለያያል።

ሕጉ ከየት መጣ

በአሜሪካ ለአሮጌ ጎማ የተሟላ ሕግ በማውጣት ቀዳሚዋ ሚኒሶታ ነበረች፤ ይህም በ1985 ነው። ካሊፎርኒያ በ1989 ተከተለች። የካሊፎርኒያን ሕግ ዛሬ የምናውቀውን ጥብቅ መልክ ያስያዙት ግን ሁለት ቃጠሎዎች ናቸው። በነሐሴ 1998 ትሬሲ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ በሚሊዮን የሚቆጠር ጎማ የተከመረበት ቦታ በእሳት ተያያዘ፤ በውኃ ለማጥፋት ቢሞከር የሚቀልጠው ዘይት ወደ አፈሩና ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ይወርዳል ተብሎ ስለተፈራ እንዲነድ ተተወ፤ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በታኅሣሥ 2000 ነበር። እሱ ገና እየነደደ ሳለ፣ በመስከረም 1999፣ ዌስትሊ በተባለ ሥፍራ ሌላ የጎማ ክምር በመብረቅ ተመትቶ ነደደ። በ2000 የወጣው ማሻሻያ የአዲስ ጎማ ክፍያውን ከፍ አደረገ፤ በአጓጓዦች ላይ የሚደረገውንም ቁጥጥር አጠበቀ።

ጎማ ይህን ያህል አስቸጋሪ የሚሆነው በቅርጹ ምክንያት ነው። ሆዱ ባዶ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ከላይ የሚረጭ ውኃ ደግሞ ወደ ውስጡ በደንብ አይደርስም፤ ስለዚህ ክምሩ ከውስጥ መንደዱን ይቀጥላል። ያው ባዶ ሆድ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ያቁራል፤ ያቆረው ውኃ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። የእስያ ነብር ትንኝ የሚባለው ዝርያ በአሜሪካ ምድር መስፋፋቱ የታወቀው በ1985 ሂዩስተን ውስጥ ሲሆን፣ የመጣውም ከእስያ በተጫነ ያገለገለ ጎማ ነው። የድሬዳዋ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ አይገርመውም። በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከተማዋን ሲመታ፣ በሽታዎቹን የሚያስተላልፈው ትንኝ ከሚራባባቸው ቦታዎች አንዱ በየግቢው የተጣለ አሮጌ ጎማ ነበር።

አንደኛ ደረጃ፦ ጎማው ከቸርኬው እንደወጣ መለየት

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። የኋላው ጣጣ ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ አብራራዋለሁ። በሕጉ ዓይን ከመኪና የወረደ ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደገና ሊሸጥ የሚችል ያገለገለ ጎማ አለ፤ ተጠግኖ የሚሠራ አለ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ቆሻሻ ጎማ ነው። ሦስቱ በአንድ ክምር ከተደባለቁ ተቆጣጣሪው ሁሉንም እንደ ቆሻሻ የመቁጠር መብት አለው። ለሽያጭ የሚሆነው ጎማ በመጠን በመጠኑ ተለይቶ፣ ደንበኛም ተቆጣጣሪም ሊያየው በሚችልበት ሁኔታ በመደርደሪያ ላይ ወይም ከሁለት ረድፍ በማይሰፋ ድርድር መቀመጥ አለበት። «እሸጠዋለሁ ብዬ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም፤ አቀማመጡ ራሱ ለሽያጭ መሆኑን መመስከር ይኖርበታል።

ምርመራው በሦስት ደቂቃ ያልቃል። መጀመሪያ በጥርሱ ሸለቆ ውስጥ በአግድም የተጋደሙትን ትናንሽ ድልድዮች ይፈልጉ። ቁመታቸው የኢንች ሁለት ሠላሳ ሁለተኛ፣ ማለትም 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የጎማው ገጽ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ ያ ጎማ አልቋል። ቀጥሎ ዶት በሚሉ ፊደላት የሚጀምረውን ቁጥር ጎኑ ላይ ያንብቡ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከዚያ መዳፍዎን በጎኑ ላይ ዙሪያውን ያሂዱ፤ እባጭ ካለ ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል። በመጨረሻ ጎማውን ከፈት አድርገው በባትሪ መብራት ውስጡን ይመልከቱ። አየር አጥቶ የተነዳ ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ፣ በውስጥ በኩል የጎኑ ላስቲክ ተፈጭቶ ጥቁር ዱቄት አራግፎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ጎማ ለማንም አይሽጡ።

የከባድ መኪና ጎማ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ በተለይ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ወገኖቻችን ስላሉ። የጭነት መኪና በመሪው አክስል ላይ ከኢንች አራት ሠላሳ ሁለተኛ ያነሰ ጥርስ ባለው ጎማ መሄድ አይችልም፤ በሌሎቹ አክስሎች ላይ ዝቅተኛው ሁለት ሠላሳ ሁለተኛ ነው። ይሁን እንጂ ጥርሱ ያለቀ የጭነት ጎማ አካሉ ደህና ከሆነ አዲስ ጥርስ ተለብጦለት ተመልሶ ይሠራል፤ በዚህም ምክንያት ዋጋ አለው። ደህናውን አካል ከተቀደደው ጋር ደባልቆ ማስወጣት በገዛ እጅ ገንዘብን ከፍሎ እንደ መስጠት ነው። እዚህ ላይ አንድ ክልክል መታወቅ አለበት፤ ጥርሱ እንደገና የተለበጠ ጎማ በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ እንዳይገጠም የፌዴራሉ ደንብ ይከለክላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መታወቂያ ቁጥር ማውጣት

የግዛቲቱን የቆሻሻና የመልሶ መጠቀም ሥራ የሚመራው መሥሪያ ቤት ካልሪሳይክል ይባላል። ጎማ የሚያወርድ፣ የሚያከማች ወይም የሚቀበል እያንዳንዱ የንግድ ቦታ ከዚህ መሥሪያ ቤት የጎማ ፕሮግራም መታወቂያ ቁጥር ማውጣት አለበት። ቁጥሩ የሚሰጠው ለቦታው ስለሆነ፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ሰው ሁለት ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ከአንዱ አድራሻ ወደ ሌላ የተዛወረም የቀድሞውን ይዞ መቀጠል አይችልም። ቤት ከሌላ ሰው ከገዙ የሻጩን ቁጥር መጠቀም አይጀምሩ፤ በራስዎ ስም እስኪስተካከል ድረስ የሚጻፈው ወረቀት ሁሉ ሌላ ሰው ስም ላይ ይውላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የአዲስ ጎማ ክፍያን መሰብሰብና ማስገባት

በካሊፎርኒያ በችርቻሮ ለሚሸጥ ለእያንዳንዱ አዲስ ጎማ ገዢው 1.75 ዶላር ይከፍላል። ገንዘቡ የእርስዎ አይደለም፤ ሰብስበው ሲዲቲኤፍኤ በሚል ምኅጻር ለሚታወቀው የግዛቲቱ የግብርና የክፍያ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ያስገባሉ፤ ለድካምዎ 1.5 በመቶውን ማስቀረት ተፈቅዶልዎታል። ከ1.75 ዶላሩ አንዱ ዶላር ለአሮጌ ጎማ ሥራ የሚውል ሲሆን፣ 75 ሳንቲሙ ለአየር ብክለት መከላከያ ይሄዳል። ክፍያው በደረሰኙ ላይ ለብቻው ተለይቶ መጻፍ አለበት። ባገለገለ ጎማና ጥርሱ እንደገና በተለበጠ ጎማ ላይ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። ብዙ ቤቶች አሮጌውን ጎማ ለማስወገድ ለአጓጓዡ የሚከፍሉትን ወጪ ለመሸፈን ከደንበኛው ተጨማሪ ጥቂት ዶላር ይቀበላሉ። ይህ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን የቤቱ የራሱ ዋጋ እንጂ የመንግሥት ክፍያ አይደለም። ሁለቱን ደምሮ «የግዛት ክፍያ» ብሎ መጻፍ ደንበኛውን ማሳሳት ነው፤ ሒሳብዎ ሲመረመርም ችግር ያመጣል። በደረሰኙ ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይኑሩ።

አራተኛ ደረጃ፦ ማከማቸት

ማስታወስ የሚገባው የመጀመሪያ ቁጥር 500 ነው። ከ500 ያነሰ ቆሻሻ ጎማ ያለው ቦታ የማከማቻ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከ500 እስከ 4,999 ድረስ አነስተኛ የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ5,000 ጀምሮ ደግሞ ከፍተኛው። ተራ የጎማ ቤት ወደ 500 የሚጠጋበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። እኔ በግቢዬ 150 ሲደርስ ለአጓጓዡ እደውላለሁ፤ ምክንያቱም አጓጓዡ አንድ ሳምንት ቢዘገይብኝ እንኳ ከገደቡ እንዳልደርስ ነው።

ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ቦታዎች ክምሩ ከ10 ጫማ በላይ እንዳይቆም፣ ከአጥር ወይም ከድንበር 10 ጫማ እንዲርቅ ይገደዳሉ። ትንሽ ቤት ቢሆኑም ይህን ልክ እንደ ራስዎ ደንብ ይውሰዱት፤ ክምርዎንም ከዚያ በብዙ ዝቅ አድርገው ይያዙት። የከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የራሱ መስፈርት ስላለው፣ ግቢውን ከመከራየትዎ በፊት ሄደው መጠየቅ ይገባል። ጎማ ከብየዳ ሥራ፣ ከነዳጅና ከቀለም ይራቅ፤ የእሳት ማጥፊያ መኪና የሚገባበት መንገድም ክፍት ይሁን።

ስለ ውኃ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጎማውን ገልብጦ ውኃውን ማፍሰስ በቂ መስሎ ይታያል። በጎማ ውስጥ የሚራባው ከላይ ያነሣሁት ዓይነት ትንኝ ግን እንቁላሉን የሚጥለው ከውኃው ጠርዝ ከፍ ብሎ በጎማው የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ሊቆይና በሚቀጥለው ዝናብ ሊፈለፈል ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው ከመጀመሪያው ውኃ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ጣሪያ ካለ ከጣሪያ በታች፣ ከሌለ ውኃ በማያሳልፍ ሸራ ጠበቅ አድርጎ መሸፈን ያስፈልጋል። ሸራው መሃሉ ላይ ካጎደጎደ እሱ ራሱ ኩሬ ይሆናልና መሃሉን ከፍ ያድርጉት።

አምስተኛ ደረጃ፦ አጓጓዥ መምረጥ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። በካሊፎርኒያ በአንድ ጊዜ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያገለገለ ወይም ቆሻሻ ጎማ የሚጭን ሰው በካልሪሳይክል የተመዘገበ አጓጓዥ መሆን አለበት። ለመመዝገብም የ10,000 ዶላር ዋስትና ያስይዛል፤ ምዝገባውን በየዓመቱ ያሳድሳል፤ መኪናው ላይ ምልክት ይለጥፋል፤ የምዝገባ ካርዱንም በመኪናው ውስጥ ይይዛል። ሕጉ የሚያስገድደው ግን አጓጓዡን ብቻ አይደለም፤ ጎማውን የሚያስረክበው ባለቤትም ለተመዘገበ አጓጓዥ ብቻ እንዲሰጥ ግዴታ አለበት። ይህን በመተላለፍ ፍርድ ቤት የሚጥለው ቅጣት ለአንድ ጥፋት እስከ 25,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት የደረሰብኝን መናገር ይኖርብኛል። አጓጓዤ ለአንድ ጎማ 3 ዶላር ያስከፍለኝ ነበር። አንድ ቀን ፒክአፕ የያዘ ሰው መጥቶ በግማሽ ዋጋ እወስድልሃለሁ አለኝ። ሰላማዊ ሰው ነበር፤ እጁም የሥራ እጅ ነበር፤ ካርድ ልጠይቀው አፈርኩ። በሁለት ዙር 64 ጎማ ጭኖ ሄደ፤ ወረቀት አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ ተቆጣጣሪ መጥታ ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። በመስኖ ቦይ ዳር የተጣሉ ጎማዎች ናቸው፤ በአንዱ ጎን ላይ በቢጫ ጠመኔ «ፊ.ግ» ተብሎ ተጽፏል። ጎማ ስናቀያይር የነበረበትን ቦታ እንዳንረሳ የምጽፈው ነው፤ ፊት ግራ ማለት። ፊደሉ የየት አገር እንደሆነ በአካባቢው ጠይቃ ነው እኔ ዘንድ የደረሰችው። ጽሑፉ የእኔ ነበር፤ ልክደው አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም። የማጽጃውን ወጪና ቅጣቱን ስከፍል ያተረፍኩት 96 ዶላር ትዝ ይለኝ ነበር። ከዚያ የበለጠ የቆረቆረኝ ግን ሌላ ነው። ያ ቦይ የሚያጠጣው የሰው እርሻ ነው።

ስለዚህ አጓጓዥ ሲመጣ በመጀመሪያ የምዝገባ ካርዱን ይጠይቁ፤ ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን ይመልከቱ፤ በመኪናው ላይ ያለው ምልክት የዚያው ዓመት መሆኑን ያረጋግጡ። ስሙንም ካልሪሳይክል በድረ ገጹ ላይ ከሚያወጣው የተመዘገቡ አጓጓዦች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ቀጥሎ ጎማውን የት እንደሚያራግፍ ይጠይቁት። ሐቀኛ አጓጓዥ የቦታውን ስም ሳያመነታ ይናገራል። ካርድ መጠየቅ ሰውን መድፈር የሚመስለን እኛ ነን፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን እንደ መንጃ ፈቃድ ነው የሚያየው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የጭነት ቀንና ወረቀቱ

ጎማው ሲጫን አብረው ቆመው ይቁጠሩ። አጓጓዡ የጉዞ መዝገብ ይሞላል፤ በላዩም የእሱ የምዝገባ ቁጥር፣ የእርስዎ መታወቂያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የጎማው ብዛትና ፊርማ ይሰፍራል። ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን መታወቂያ ቁጥር ከካልሪሳይክል ከተሰጠዎት ጋር አኃዝ በአኃዝ ያስተያዩ፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ጭነቱ የሌላ ቤት ሆኖ ይመዘገባል። ቅጂዎን ይቀበሉ። ይህን ቅጂ በንግድ ቦታዎ ለሦስት ዓመት የማቆየት ግዴታ አለብዎት።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። በየዓመቱ አንድ አቃፊ አለ፤ በሽፋኑ ውስጥ የመታወቂያ ቁጥሩ ተለጥፏል፤ ቅጂዎቹ በቀን ቅደም ተከተል ይገባሉ፤ ከፊት ለፊት ባለች አንዲት ወረቀት ላይ በወሩ የሸጥኩት አዲስ ጎማና ያስወጣሁት አሮጌ ጎማ ጎን ለጎን ይጻፋል። ሁለቱ ቁጥሮች በሰፊው ከተራራቁ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። ተቆጣጣሪውም ሒሳቡን የሚጀምረው ከዚሁ ንጽጽር ስለሆነ፣ ክፍተቱን ከእሱ በፊት እኔ ባገኘው እመርጣለሁ። በብዙ አካባቢ ይህን ምርመራ የሚያደርጉት የካውንቲው ወይም የከተማው ሠራተኞች ናቸው፤ ቀጠሮ ሳይዙም ይመጣሉ።

ጥቂት ጎማ ብቻ ላለው ሰው

ከቤቱ ግቢ አሮጌ ጎማ ማንሳት የፈለገ ሰው እስከ ዘጠኝ ድረስ ያለ ምዝገባ ጭኖ ወደ ሕጋዊ መቀበያ መውሰድ ይችላል። ብዙ ካውንቲዎች ከካልሪሳይክል በሚያገኙት ድጋፍ በዓመት ውስጥ ጎማን ያለ ክፍያ የሚቀበሉባቸውን ቀናት ያዘጋጃሉ፤ በእነዚህ ቀናት ከዘጠኝ በላይ ለማምጣት አስቀድሞ ከካውንቲው የፈቃድ ደብዳቤ መውሰድ ያስፈልጋል። ቀናቱ የተዘጋጁት ለነዋሪ እንጂ ለንግድ ቤት አይደለምና የጋራዥዎን ጎማ ይዘው አይሂዱ።

ጎማው የት ይደርሳል

አጓጓዡን የት ትወስደዋለህ ብለው ሲጠይቁ መልሱን ለመመዘን እንዲችሉ መድረሻዎቹን ማወቅ ይጠቅማል። ሙሉ ጎማን እንዳለ በቆሻሻ መቅበሪያ መጣል በመሠረቱ አይፈቀድም። ወደ ማቀነባበሪያ የሚገባው ጎማ በትላልቅ ቢላዎች ይቆራረጣል፣ ሽቦው በማግኔት ይለቀማል፣ የጨርቁ ክር ይጣራል፣ የቀረው ላስቲክ እስኪደቅ ይፈጫል። የደቀቀው ላስቲክ ከጋለ ሬንጅ ጋር ተዋሕዶ መንገድ ይሆናል። ይህን ዘዴ በ1960ዎቹ ያስጀመረው በአሪዞና የፊኒክስ ከተማ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ማክዶናልድ ነው፤ በካሊፎርኒያም የግዛቲቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ላስቲክ ያለበትን አስፋልት እንዲጠቀም በ2005 በወጣ ሕግ ተገድዷል። ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው ንጣፍ በአንድ የመኪና መስመር በአንድ ማይል ወደ 2,000 ጎማ ይጨርሳል። በሻካራ የተቆረጠው ደግሞ ክብደቱ ከጠጠር ስለሚቀል ለመንገድ ሙሊት፣ ውኃም ስለሚያሳልፍ ለማጣሪያ ንጣፍ ይውላል። ሌላው በሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ነዳጅ ይሆናል፤ በውስጡ ያለው የብረት ሽቦም ሲሚንቶው ለሚፈልገው ብረት ምንጭ ሆኖ ያገለግላል።

ቤቱን ሲዘጉ ወይም ሲያስተላልፉ

ቁልፍ ከማስረከብዎ በፊት ግቢው ውስጥ አንድም ቆሻሻ ጎማ እንዳይቀር ያድርጉ፤ የተተወ ጎማ አከራዩንም ጭምር የጽዳት ትእዛዝ ሊያስከትልበት ስለሚችል፣ ባለ ንብረቱ ካሣ ከእርስዎ መጠየቁ አይቀርም። የመጨረሻው ጭነት በወጣበት ቀን ባዶውን ግቢ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሡ፤ ፎቶውን ከመጨረሻው የጉዞ መዝገብ ቅጂ ጋር ያያይዙ፤ ቦታው መዘጋቱን ለካልሪሳይክል፣ የክፍያ ሒሳቡ መዘጋቱን ለሲዲቲኤፍኤ በጽሑፍ ያሳውቁ። አቃፊዎቹን ግን ይዘው ይሂዱ፤ ሦስት ዓመቱ የሚቆጠረው ቤቱ ክፍት እስከሆነበት ቀን ድረስ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ወረቀት ቀን ጀምሮ ነው።